ከጄኔራሉ ሣጥን ጋር የሄደው ገጽ

ዋሽንግተን
እሑድ፣ ማርች 19 ቀን 1961

ለምወድህ ልጄ ለጋርላንድ፣

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ኮቴን እንኳ በወጉ ሳላወልቅ ነው ይህን ልጽፍልህ የተቀመጥኩት። ዛሬ ከመዘምራኑ መካከል ቆሜ ልቤ አንተ ጋ ስለነበር፣ ሌላው ሰው አዲስ መዝሙር ሲጀምር እኔ ያለፈውን ቀጠልኩ። ጎኔ የምትቆመዋ ሴት በክርኗ ጎሸመችኝ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት እንዲህ ልዋረድ!

ኔልዳና ካርሊን ደህና ናቸው። ሐሙስ ዕለት ደውለውልኝ ነበር። ካርሊን የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትናገር ታፏጫለች፤ በዚያ ላይ ስልኩን አለቅም ብላ እናቷን አስለቅሳታለች። ሚስትህ ስልኩን ስታገኝ፣ «እማማ፣ ጋርላንድ አሪዞና በረሃ ውስጥ አውሮፕላን እየፈተነ ነው፤ ለኤፕሪል መጨረሻ ይመጣል» አለችኝ።

«ጥሩ ነዋ» አልኳት።

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋርላንድ ከሚሠራበት የአውሮፕላን ማቆያ አምስቱ ወንዶች በአንድ ሳምንት ነው የሄዱት። ትናንት ከሚስቶቻቸው ጋር ተገናኝተን ስንጫወት፣ ሁላችንም የተነገረን አንድ ነገር ነው። ቃል በቃል! አሪዞና፣ ፈተና፣ የኤፕሪል መጨረሻ። እንደ ትምህርት ቤት ልጆች በቃላችሁ ያዙ የተባልን ነው የሚመስለው። ምን ማለት ነው እማማ?»

«ወንዶች ሲባሉ ውሸት እንኳ ተከፋፍለው መዋሸት አይችሉም፤ ምንም ማለት አይደለም» ብዬ አሳቅኳት። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ልጄ፣ የት እንዳለህ አውቃለሁ። ማንም አልነገረኝም። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከፕሬዝዳንቱ ቤት ጎን ባለው ግራጫ ሕንፃ መዝገብ ቤት የተቀመጠች ሴት የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ባለፈው ኖቬምበር አንድ እቅድ በእጄ አልፎ ነበር። ከደጃችን ባለች አንዲት ደሴት ዳርቻ፣ አገራቸውን ጥለው የወጡ ስደተኞችን አሳርፎ፣ እዚያ ያለውን የኮሚኒስት መንግሥት ስለመገልበጥ ነው። ከአባሪዎቹ በአንዱ ላይ፣ የቆዩትን ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች የሚያውቁ አሠልጣኞችና አብራሪዎች «ከአላባማ ይገኛሉ» ይላል። ያን ጊዜ አንተ ትዝ አላልከኝም። የምትኖረው አላባማ ቢሆንም፣ የሌላ እናት ልጆች ስለመሰሉኝ ሌላ ወረቀት አነሳሁ። ከዚያ አባሪ ሥር ደግሞ ከወዲሁ የተዘጋጀ መግለጫ አለ። ተመትቶ የሚወድቅ አብራሪ ካለ፣ ለጋዜጣ የሚነገረው «ገንዘብ ፍለጋ በራሳቸው የሄዱ ግለሰቦች ናቸው፤ መንግሥት አያውቃቸውም» የሚል ነው። የስሙ ቦታ ባዶ ነው። እዚያ ክፍት ቦታ ላይ የማን ስም እንደሚገባ ካሰብኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አልዞረም።

እኔ ለኮሚኒስቶች የምራራ ሴት እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ወንድሜ ኮሪያ ቀርቷል፤ እናቴ እስክትሞት ድረስ የእሱን ሳህን ገበታ ላይ ታስቀምጥ ነበር። ነገር ግን በዚህ ቤት ሦስት ፕሬዝዳንት አገልግያለሁ። የዚህ ከተማ ነዋሪ ፕሬዝዳንት መምረጥ አይፈቀድለትምና ለአንዳቸውም ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም፤ የሦስቱንም መሳቢያ ግን ከፍቼ ዘግቻለሁ። የመጀመሪያው፣ ያ የኮፍያና የከረባት ነጋዴ የነበረው፣ «ኮሚኒስቶችን ባሉበት አግተን እንይዛቸዋለን» ይል ነበር። ሁለተኛው፣ ጄኔራሉ፣ መጡና «ማገት ፈሪነት ነው፤ ወደ ኋላ እንገፋቸዋለን» አሉ። እኛ መዝገብ ቤቶች የፋይሎቹን ሽፋን በሙሉ ቀይረን አዲስ ርዕስ ጻፍንባቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ውስጣቸው የገባው ወረቀት ያው የድሮው ነበር፤ አንዳንዱ ላይ የቀኑ ቁጥር ብቻ ተፍቆ ተተክቷል። አሁን ደግሞ ሦስተኛው፣ ወጣቱ፣ መጥተው የጄኔራሉን ወገን «ተኝታችሁ ኮሚኒስት ደጃችን ድረስ መጣ» ብለው አሸነፉ። እንደገና ሽፋን ቀየርን። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል፤ እኔም ጉልቻ ሲለዋወጥ ድንጋዩን የምሸከመው ነኝና አውቀዋለሁ።

የተለወጠው ሌላ ነው። ጄኔራሉ የስብሰባ ሰው ነበሩ። ሐሙስ ሐሙስ ያ ረጅም ጠረጴዛ ይሞላል፤ አንዱ እቅድ ሲያቀርብ ሌላው ይጠይቀዋል፤ ኮሎኔል ፕሪዊት የተባሉት ረዳታቸው ደግሞ ጥግ ተቀምጠው ሁሉንም ይጽፋሉ። በዚያ ስብሰባ ስንት ሰው ሲያንቀላፋ አይቻለሁ! አዲሶቹ ግን ስብሰባውን በመጡ በወሩ ሰረዙት። አሁን ነገር የሚያልቀው ኮሪደር ላይ፣ በበር ተደግፎ፣ በእጅ ቡና ተይዞ ነው። ማንም አይጽፍም። ፋይል የሚደረግ ነገር እየጠፋ እኔ መሳቢያ ስወለውል እውላለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ጥፋቴን ሳልነግርህ የቀረው ነገር አይገባህምና ታገሠኝ።

በዚህ አገር ልማድ የፕሬዝዳንት ወረቀት የፕሬዝዳንቱ ንብረት ነው። ሲወጣ እንደ ሸሚዙ ይዞት ይሄዳል፤ ተተኪው ባዶ መሳቢያ ይረከባል። የእኛ የመዝገብ ቤት ሕግ አጭር ነው፤ የፕሬዝዳንቱ አጭር ፊርማ ያለበት ሁሉ የእሳቸው ነው፣ የሌለበት ለመሥሪያ ቤቱ ይቀራል። ጃንዋሪ 19፣ ያ ከባድ በረዶ በጣለበት ቀን፣ የመጨረሻዎቹን ሣጥኖች የሞላሁት እኔ ነኝ። የጭነት መኪናው በረዶው ሳይዘጋው እንዲወጣ ሁሉም ይጮህ ነበር። እኔ ግን አልቸኮልኩም። አንድም ወረቀት ያለ ቦታው እንዳይገባ እያንዳንዱን ገልብጬ አየሁ።

ከነዚያ መካከል ኮሎኔል ፕሪዊት በዚያ እቅድ ላይ ቅድመ ሁኔታ ያስቀመጡበት አንድ ገጽ ነበር። ቅጂው አንድ ብቻ ነው፤ የካርቦን ግልባጩ በሕጉ መሠረት በተተየበበት ቀን ተቃጥሏል። ከግርጌው የጄኔራሉ ፊርማ ሰፍሯል። ስለዚህ ወደ ሣጥኑ። ዋናው እቅድ ግን ፊርማ የለበትም፤ ያዘጋጁት ሰዎች እጅ ላይ ቀረ። ልጄ፣ ገባህ? እቅዱ እዚህ ቀረ፣ ልጓሙ በሣጥን ታሽጎ ወደ ጄኔራሉ አገር ሄደ። ይህን ያደረገው ሰነፍ ሠራተኛ አይደለም። እናትህ ናት፣ በጥንቃቄዋ የምትታወቀዋ። ኮሎኔሉ ቆባቸውን አድርገው ሲወጡ ሣጥኖቹን አይተው፣ «ሎሬና፣ አንቺ ባትኖሪ ይህ ቤት መዝገብ ቤት ሳይሆን ቆሻሻ መጣያ ነበር የሚሆነው» አሉኝ። ያን ቀን ቤቴ የሄድኩት በረዶውን እየረገጥኩ፣ ደስ ብሎኝ ነው።

ፌብሩዋሪ ላይ ያ እቅድ እንደገና ተነሳ። ከወጣቱ ፕሬዝዳንት ረዳቶች አንዱ፣ ሚስተር ሴየር፣ ጠርቶኝ አባሪዎቹን አስመጣኝ። ከዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ የሚሰቅል፣ ግን ጨዋ ልጅ ነው። ሳስረክበው ከላይ ሊኖር የሚገባው ገጽ እንደሌለ አየሁ። ያን ሰሞን ደግሞ ያንተ ደብዳቤ ደርሶኝ ነበር፤ ትንኙ የአውራ ዶሮ ያህላል፣ ሸሚዝ በቀን ሦስቴ ይለወጣል ያልከኝ። አሪዞና በረሃ ውስጥ ትንኝ! ሁለቱ ነገር በአንድ ጊዜ ራሴ ውስጥ ሲጋጠም ወንበር ያዝኩ።

«ምነው ወይዘሮ ሃስኪው፣ አመመዎት?» አለኝ።

«ሚስተር ሴየር፣ ይህ እቅድ ሙሉ አይደለም። ከላዩ አንድ ገጽ ነበረው፤ ቅድመ ሁኔታ የሚያስቀምጥ።»

«እውነት? የታለ ታዲያ?»

«ከጄኔራሉ ሣጥኖች ጋር ሄዷል።»

ሳቀ። ክፋት የለውም፣ እንዲሁ ሳቀ። «እኛ ስንገባ እርሳስ እንኳ አልተዉልንም እኮ! ምን ይላል ገጹ?»

የማስታውሰውን ነገርኩት። እግሩን ከጠረጴዛው አወረደ። በጥሞና ነው የሰማኝ፤ ይህን አልክድም። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

«ይስሙኝ ወይዘሮ ሃስኪው። እቅዱን ያመጡልን ሰዎች ጄኔራሉ አጽድቀውታል ነው የሚሉት። ጄኔራሉ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ትልቁን ሠራዊት ከባሕር ወደ ዳርቻ ያሳረፉ ሰው ናቸው። የእኛው ሰውዬ ‹እናንተ ለኮሚኒስት ተለሳልሳችኋል› ብለው ነው የተመረጡት። አሁን እኔ ገብቼ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ትዝ ይለኛል ብላለችና ‹እቅዱ ይቅር› ልበላቸው? ወረቀቱን ያምጡልኝ። ዛሬውኑ ይዤ እገባለሁ።»

«ወረቀቱ እዚህ የለም አልኩዎ እኮ።»

«እንግዲያው የለም ማለት ነው» አለ፤ ወዲያው አፍሮ ኮቴን ከመስቀያው አውርዶ አለበሰኝ።

ወረቀቱን ለማምጣት ያልሞከርኩት የለም። ለጄኔራሉ መዝገብ ጠባቂ በሕጉ መሠረት በሦስት ቅጂ ጻፍኩ። መልሱ በአሥራ ሁለት ቀን መጣ። ሣጥኖቹ የሚከፈቱት ለሰነዶቹ የሚሠራው አዲስ ሕንፃ ሲያልቅ ነው፣ ጥያቄዎ በተራው ይታያል ይላል። ሕንፃው ገና ጣሪያ የለውም። ያኔ የራሴን ሕግ ጥሼ ወደ ኮሎኔል ፕሪዊት ቤት ደወልኩ። መጀመሪያ ድምፄን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ስለ ጽጌረዳዎቻቸው ነገሩኝ፣ ስለ ውሻቸው ነገሩኝ። ስለ ገጹ ሳነሳ ውሻውን ወደ ውጭ ሲያባርሩትና በሩን ሲዘጉ ሰማሁ።

«እንዲህ ያለ ገጽ አላስታውስም» አሉ።

«ኮሎኔል፣ እኔ እኮ ነኝ የተየብኩት።»

«አንቺም አታስታውሺም ሎሬና። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«እርስዎ አንዴ ቢደውሉላቸው ይበቃል። እኔን አያምኑም፣ እርስዎን ያምናሉ።»

«ይህች አገር በአንድ ጊዜ አንድ ፕሬዝዳንት ነው ያላት። የወጣሁበትን ቤት መስኮት ተመልሼ አላንኳኳም። ጄኔራሉም አያንኳኩም። ቃላችን ነው።» ይህን ሲሉ በኩራት ነው፤ በሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም አከብራቸው ነበር።

«ልጄ እዚያ ነው» አልኳቸው።

ውሻው በሩን ሲቧጭር ይሰማኛል።

«በጣም አዝናለሁ ሎሬና» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው፣ ቆባቸውን ያወለቁ ያህል። ለሙት ቤት በሚባልበት ድምፅ ነው ያሉት። በሕይወት ላለ ልጅ ሰው እንዲህ አይልም፤ ጮክ ብዬ ተቆጣሁና ስልኩን ዘጋሁባቸው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየከፋ ነው የሄደው። ባለፈው ሳምንት የማረፊያው ቦታ ተለወጠ። በፊት የታሰበው ከተማ አጠገብ ነበር፤ ከኋላው ተራራ አለ፣ ሰዎቹ ካልቀናቸው ሸሽተው የሚገቡበት። አሁን ድምፅ እንዳይሰማ ተብሎ ወደ ረግረግ አዙረውታል። ካርታውን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ከረግረጉ እስከ ተራራው በጣቴ ለካሁት፤ ሽሽት የሚባል ነገር የለም። የአውሮፕላኑም ቁጥር ጩኸት ይበዛል እየተባለ በየቀኑ ይቀነሳል። አንዱ ገብቶ ትንሽ ይሸርፋል፣ ሌላው ገብቶ ትንሽ ይሸርፋል፤ ተሰብስቦ «ምን ቀረ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሐሙስ ያ ረጅም ጠረጴዛ ባዶውን ይውላል። አርብ ዕለት ሚስተር ሴየርን ሊፍት ውስጥ አገኘሁትና ዓይን ዓይኑን አየሁት። «አሁን ማስቆም ከመቀጠል ይከብዳል፤ ሺህ የሠለጠነ ሰው የት ይሄዳል?» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። እሱም እንቅልፍ እንዳጣ ፊቱ ይናገራል።

ስለዚህ ልጄ፣ ትናንት ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ያንተን ደብዳቤዎች ዘርግቼ አየኋቸው። አራቱም በምላጭ የተቆረጠ ቦታ አላቸው። አንደኛውን ወደ መስኮቱ ባነሳው ማዶ ያለው ዛፍ ይታየኛል። እንግዲህ እናንተ ሰፈር የሚገባውንና የሚወጣውን ደብዳቤ ሁሉ የሚያነብ ሰው አለ ማለት ነው። ይህ ሲገባኝ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ይህን ከተማ አውቀዋለሁ። እዚህ ጥሩ ምክር የገቢ ወረቀት ትሪ ላይ ወር ይቀመጣል። ምስጢር ወጣ የተባለ ቀን ግን ወሬው ምሳ ሳይደርስ ላይኛው ጠረጴዛ ላይ ነው። በ1957 አንዲት ታይፒስት ለፀጉር ሠሪዋ አንድ ቃል አምልጧት፣ በሰዓታት ውስጥ ስንት ሹም ሲሯሯጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ቃሉም በቀይ ተሰምሮ ጄኔራሉ ፊት ቀርቦ ነበር። እንደ ታማኝ ሠራተኛ ስናገር የሰማኝ የለም። እንደ ከሃዲ ብናገር ይሰሙኛል።

እንግዲህ ከዚህ በታች ያለው ላንተ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ከልጄ በፊት ለከፈትከው ሰው ነው።

ጌታዬ፣ ምላጭህን አስቀምጥና አንብብ። እኔ ሎሬና ሃስኪው እባላለሁ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ አድራሻዬ ከፖስታው ጀርባ ተጽፏል። በጄኔራሉ የተፈረመበት ገጽ ቃሉ እንዲህ ነው፤ ራሴ ተይቤዋለሁና አልሳሳትም፤ «የአገሩ ሕዝብ አስቀድሞ ካልተነሳ፣ አንድም ሰው አይረፍ። የጠላት አውሮፕላኖች መሬት ላይ እንዳሉ መውደማቸው በፎቶግራፍ ካልተረጋገጠ፣ የእኛዎቹ ዝግ ብለው የሚበሩ አውሮፕላኖች ያለ ጠባቂ ወደ ዳርቻው አይላኩ። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ እቅዱ ይጣል፤ መጣሉም እንደ ሽንፈት አይቆጠር።» ዛሬ ሁለቱም ጎድለዋል። ሕዝቡ አልተነሳም፤ የጠላት አውሮፕላኖች እንዳሉ ናቸው፣ ለጠባቂ አውሮፕላንም ማንም አልፈቀደም። ይህን በደብዳቤ በማውጣቴ ሕግ ጥሻለሁ፣ አውቄ ነው የጣስኩት። አለቃህ ዘንድ ሮጠህ ክሰሰኝ። አለቃህም ለአለቃው ይክሰሰኝ። ስትከሱኝ ግን ቃሉን ቆርጣችሁ አይሁን፤ ምን እንዳወጣሁ ካልታየ ክሱ አይቆምም። ሊወስዱኝ ለሚመጡት በሩን እንዲያንኳኩ ንገርልኝ፤ ደወሉ ተበላሽቷል። አንተም የሰው ልጅ ነህና፣ እናት ካለችህ ስለ እሷ ብለህ ዛሬ አትዘግይ።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ጋርላንድ ልጄ። ነገ ሰኞ ይህን ፖስታ ቤት ካስገባሁ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ጡረታዬን እንደሚያስቀሩት አውቃለሁ፤ ይቅርብኝ። ኔልዳ ስለ እኔ መጥፎ ነገር በጋዜጣ ብታነብ ካርሊን እንዳትሰማ አደራ በላት። የወረቀት ሰው ሆኜ ኖርኩና አንድ ቀን እንኳ በአፌ አልነገርኩህም፤ ከዚህ ዓለም ሁሉ አንተን ነው የምወደው። ሰማይ ላይ ስትሆን የሚይዝህ እጅ የእኔ እንዲሆን ስንቴ ተመኝቻለሁ። እሱ ፈጣሪ በመዳፉ ይያዝህ። መሬት በእርጋታ ትቀበልህ፤ ልጅህ በሩ ላይ እያፏጨች ትቀበልህ።

ይህ ደብዳቤ እንደማይደርስህ ተስፋ አደርጋለሁ። ካልደረሰህ አንድ ሰው አንብቦታል፣ ወደ ላይም ወጥቷል ማለት ነው። ሳይቆረጥ፣ እንዲህ ሙሉውን በእጅህ ከያዝከው ግን ልጄ፣ ከአንተ በፊት ማንም አላነበበውም። እንግዲያው ትኩሳት ያዘኝ በል፣ እግሬን ሰበርኩ በል፣ ፈራሁ በል። ያን አውሮፕላን እንዳትሳፈር።

እናትህ
ሎሬና